ጀልባዋ ላይ ያሉት ሰዎች

በአንደበት የሚረታኝ ሰው ቡሬ ውስጥ አልተወለደም። ትናንት ጠጉሬን ልቆረጥ ስገባ ግን ግድግዳው ላይ ያየሁት ስዕል አፌን ዘጋው፤ በቀጭን ጥቁር መስመር የተጫረ የድሮ ወደብ፣ ከተማው ከውሃው ማዶ፣ ከወዲህ ሰው የጫነች ጀልባ።

በልጅነቴ ቤታችን ተለጥፎ የነበረው ይኸው ነው። ያኔ አጎቴ ምጥዋ ወደብ ወርደው በዚያው ቀሩ። ዘመድ «ተዝካራቸው ይውጣ» ሲል ሚስታቸው እቴቴ ጀልባዋን ያሳያሉ፤ «ይኸው ተሳፍረዋል፤ መቼ ተሻገሩና!»

ፊደል ሳልቆጥር ቁጥር ያወቅሁት እኔ፣ ሰዎቹን ቆጠርኩላቸው፤ አምስት።

«ጎበዝ! አንድ የጎደለ ለት ንገረኝ፤ ያኔ የተዝካሩን ጠላ እጠነስሳለሁ።»

ትናንት ቆራጩ «ጋሼ፣ አይነቃነቁ» እያለኝ ሦስቴ ቆጠርኩ። አራት ናቸው።

ፍኖተ ሰላም ላሉት እቴቴ ደወልኩ። «እንዴት ዋሉ?» ብዬ፣ ቀልድ ሳልጨምር፣ ያንን የጀልባ ስዕል ጠጉር ቆራጩ ቤት እንዳየሁት ነገርኳቸው።

«ልጄ፣» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ስንት ቀሩ?»