በኮዙሜል የሰመጥኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለሚስቴ እንኳ። በምኖርባት ከተማ በኦሮራ ሳላጋንን የተናገርኩት ነገር ቢፈለግ ስሜና የቤቴ አድራሻ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ስማኝ አንባቢዬ። ዋሽቻለሁ። ያውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ያውም ማይክ ይዤ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለእረፍት ኮዙሜል ደሴት ሄድን። የሚስቴ ታናሽ እህት ሰናይት፣ እንግልውድ አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው፣ በረዶው ውጭ ሲጥል ክረምቱን ሙሉ መዋኛ ገንዳ ውስጥ የአየር ሲሊንደር አዝላ ዳይቪንግ፣ ማለትም ባሕር ጠልቆ መዋኘት፣ ስትማር ከርማ ነበር። እኔ እዚያው ደሴቱ ላይ የግማሽ ቀን ትምህርት ወስጄ የባሕር አንበሳ ሆንኩ። ሚስቴና ልጆቹ አሸዋው ላይ ቀሩ፤ እኛ ከአስጎብኚያችን ኋላ ስምንት ሜትር ጠልቀን ገባን።

ሰናይትን ውሃ ውስጥ ማየት ነው። ምድር ላይ ሁሌ ወደ ሺፍት የምትሮጥ ሴት፣ እዚያ ታች ችኮላው ጠፋላት። ዓሣዎቹ መንገድ ይለቁላት ነበር። ይህን አላጋነንኩም።

እኔስ? መዳፍ የማታክል ቢጫ ዓሣ መጥታ በመነጽሬ ትኩር ብላ አየችኝ። በቃ፣ ጮህኩ። ውሃ ውስጥ የሚጮህ ሰው ደግሞ መተንፈሻውን ከአፉ ይጥላል። ጨው ውሃ እየጠጣሁ ስራገጥ ሰናይት ደረሰች። ትርፍ መተንፈሻዋን አፌ ውስጥ አስገባች፤ ትከሻዬን ይዛ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ በእጇ ቀስ፣ ቀስ አለችኝ። ከአልጋ መነሳት የሚፈሩትን ሽማግሌዎቿን የምታረጋጋው እንዲሁ ነው። ስረጋጋ ይዛኝ ወጣች። ጀልባው ላይ ፎጣ ሰጠችኝ፤ ለሚስቴም አልነገረችብኝም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከመንገድ በሰላም የተመለሰ ሰው ይመሰክራል። እውነቱን ልናገር ነበር የወጣሁት። «ልንሰምጥ ነበር» ብዬ ስጀምር ሕዝቡ ሃሌሉያ አለ፤ ያኔ ምላሴ ከዳኝ። ስምንት ሜትሩ አርባ ሆነ፤ ዓሣዋ ሻርክ ሆነች፤ የሰመጠችው ሰናይት፣ ያወጣኋት እኔ። ለምን? ልጆቼ ስላዩኝ? ጭብጨባው ስለጣመኝ? ሁለቱም። ሰናይት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆና ሰማችኝ። ፓርኪንጉ ላይ ብቻ ጠጋ አለችና፣

«ጋሼ፣ ዓሣ ነባሪ ብትጨምርበት እኮ ዮናስ ነበርክ» ብላ ሳቀች።

በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አማቴ እማማ ብርነሽ ግን ልጄን ባሕር ሊበላብኝ ነው ብለው፣ ሁለተኛ እንዳትጠልቅ አስማሏት። የዳይቪንግ ልብሷ ፒዮሪያ ስትሪት ባለው አፓርታማዋ ቁም ሳጥን ውስጥ ሦስት ዓመት ተሰቅሎ ቀረ። እውነቱን ብትናገር ነፃ ትወጣ ነበር፤ እኔን አዋርዳ ነፃ መውጣትን ግን አልፈለገችም። እኔ ይህን እያወቅሁ ዝም አልኩ። ዝም ብቻ ብል ደግ! በየግብዣው ደጋገምኩት፤ ሻርኩም ሦስት ሆነ።

ባለፈው እሑድ እማማ ጠሩኝ። ሰናይት ስታዝን ማየት ከበዳቸው፤ መሐላውን ሊያነሱላት ነው።

«አንተ አብረሃት ከገባህ ነው ታዲያ» አሉኝ እጄን ይዘው። «ልጄን አደራ።»

ትንፋሽ አጠረኝ። ሰናይት ከኋላቸው ቆማ፣ በዚያው በባሕሩ ዓይኗ እያየችኝ፣ በእጇ ቀስ፣ ቀስ አለችኝ። አሁንም ልታወጣኝ!

ሰበብ የለኝም። የፊታችን እሑድ ማይኩን እጠይቃለሁ። ስምንት ሜትር ነበር። ዓሣዋ መዳፍ አታክልም። የሰመጥኩት እኔ ነኝ።