ገና ያልሞቁ እጆች

ሰውየው መዳፎቹን እያፋተገ ነው። ሠላሳ ስድስት ጊዜ ያፋትግና የማይታይ ኳስ እንደያዘ ሰው ደረቱ ፊት ይዘረጋቸዋል። ማለዳ ማለዳ በመናፈሻው ጥድ ሥር ቺ የሚሉትን የሕይወት ጉልበት የሚሰበስቡ ሽማግሌዎች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ። እነሱ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ይረጋሉ፤ የእሱ ዓይን ከፌርማታው አይነቀልም።

ለማለዳ እንቅስቃሴ ወደ መናፈሻው የመጣችው ሩይፋንግ ከጎኑ ቆማ ታየዋለች። የሹራቡ ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል፤ ቤት ውስጥ የሚያይለት ሰው እንደሌለ ያስታውቃል። አግዳሚው ወንበር ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የሾርባ ፔርሙዝ አለ።

የሆስፒታሉ አውቶቡስ ሲመጣ ፔርሙዙን በብብቱ ሸጉጦ ይሮጣል። በሩ ላይ ሲደርስ ግን የብረቱን መደገፊያ ያያል። ቀዝቃዛ ብረት የተሰበሰበ ቺ ይመጥጣል። ስለዚህ ተመልሶ ማፋተግ ይጀምራል። ዛሬ ሦስት ጊዜ ተመልሷል።

«ጋሼ፣ ጓንት ያድርጉ እንጂ!» አለችው። «ሾፌሩ እኮ ሊያኮርፍዎት ነው።»

«ቺው በጓንት ይታፈናል፣ እህቴ።» አልሳቀም። «ትናንት ሕመሟን ያቀልላት ብዬ የባለቤቴ ሆድ ላይ ባሳርፋቸው፣ ‹አንሣልኝ፣ ይቀዘቅዛል› አለችኝ። በአርባ ዓመት እንዲህ ብላኝ አታውቅም።»

ሩይፋንግ መዳፉን ያዝ አደረገችው። እንደ ፍም ይፋጃል።

«ኧረ ያቃጥላል!»

«ገና ነው» አለና እጁን ነጠቃት።

አራተኛው አውቶቡስ መጣ። ለጠዋቱ የመጠየቂያ ሰዓት ሆስፒታል የሚደርሰው የመጨረሻው እሱ ነበር። ሰውየው አንዴ ቀና ብሎ አየውና ከአንድ ጀምሮ እንደገና መቁጠር ያዘ። ሾርባው አግዳሚው ላይ ቀረ።