ቡላ የበላው ላንድሮቨር

ጎረቤታችን ከድሮ ሱልጣን መኪናውን ይጸየፈው ነበር። ቤቱ ከቤታችን ፊት ለፊት ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት የመኪናውን በር ከመክፈቱ በፊት አፍንጫውን በፎጣው ጫፍ ሲሸፍን አየው ነበር።

ዘመኑ 1964 ዓ.ም. ነው። መኪናው በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ ላንድሮቨር ሲሆን ከቡታጅራ አዲስ አበባ ሰው ያመላልስበታል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተጫነበት ነገር ሁሉ ሽታውን ትቶበት ሄዷል፦ የፈሰሰ ቅቤ፣ ያልደረቀ ቆዳ፣ የልጅ ትውከት፣ የሰው ላብ። ዝናብ ሲዘንብ ይህ ሁሉ ከናፍጣው ጋር ተቀላቅሎ እንደ አዲስ ይነሳል። ተሳፋሪ ከወረደ በኋላ የሚተፋው ምራቅ ጥቁር ነው።

"ከድሮ፣ ትጭነናለህ ወይስ ታጨሰናለህ?" ይሉታል።

"ሳይጨስ የሚቆይ ሥጋ የለም" ብሎ ይመልሳል፤ እሱ ግን አይስቅም።

ጥፋቱ የጀመረው ጢያ አጠገብ፣ አንድ ዳገት ላይ ነው። ራዲያተሩ ተበስቶ ውሃው መንገዱ ላይ ፈሰሰ። አዲስ አበባ ላለ ልጃቸው ቡላ ይዘው የሚሄዱ አንዲት ባልቴት ከመኪናው ወርደው አዩና፣ "የኔ ልጅ፣ ቡላ ጨምርበት፤ ሲፈላ ወፍሮ ይደፍነዋል" አሉት።

ሰው ሳቀ። ከድሮ ግን ሌላ መላ አልነበረውም። ባልቴቲቱ ከሰጡት ነጭ ቡላ አንድ እፍኝ በውሃ በጥብጦ ጨመረ። እውነትም ውሃው ሲፈላ ቡላው እንደ ገንፎ ወፍሮ ቀዳዳውን ደፈነው። አዲስ አበባ በሰላም ገቡ። ነገሩ በዚያው ቢቀር ደግ ነበር። ከድሮ ግን ራዲያተሩን ሳያሠራ ስምንት ወር ሙሉ ቡላ እየጨመረ ነዳው።

ሚስቱ ሳሌሃ የቡላዋ ማስቀመጫ እየጎደለ ሲሄድ ጠረጠረች።

"የከድጄ አባት፣ ቡላዬን የማን ቤት ነው የምትወስደው?"

"የማንም ቤት።"

"ወገቤ እስኪቆረጥ እንሰት የምፍቀው ሌላ ሴት እንድትወፍርበት ነው?"

"ሴት አይደለችም። ላንድሮቨሩ ነው የበላው።"

ሳሌሃ የጎደለውን ማስቀመጫ ወደ ራሷ ሳበች። "ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር" አለች። "የሰው ምግብ ለብረት! አስተግፊሩላህ!"

ከዚያ ወዲያ ቡላውን ከገበያ እየገዛ ከመኪናው ወንበር ሥር ይደብቅ ጀመር። ሞተሩ ግን ከቀን ወደ ቀን ይግላል፤ ጭሱ ነጣ፤ ዳገት ላይ ተሳፋሪ እየወረደ መግፋት ግዴታ ሆነ። በመጨረሻ ዋርካ ሥር ለሚሠራው መካኒክ ለተረፈ አሳየው። ስለ ቡላው ግን አፍሮ ትንፍሽ አላለም።

ተረፈ የሞተሩን ድምፅ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠ። "ወይ ሞተሩ ወርዶ ይታደሳል፤ ያኔ አንድ ወር ይቆማል። ወይ ትሸጠውና ሌላ ትገዛለህ።"

"አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?"

"እኔ ብሆንማ መጀመሪያም አልገዛውም ነበር!"

ከድሮ ለመሸጥ ቆረጠ። መኪናው ከዓይኑ እንዲጠፋለት ብቻ ነበር የፈለገው፤ ወዴት እንደሚሄድ አላሰበም።

ገዢው ከወልቂጤ መጣ። አቶ ፈቃደ ይባላል። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ድሬሰር፣ የክሊኒክ ሕክምና ረዳት ነው፤ ጨዋ፣ ልብሱ ሁልጊዜ የታጠበ ሰው። በእምድብርና በአገና ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ መሸከም ታክቷቸው ለመኪና አዋጥተው ነበር። ስለሚያምኑት እሱን ላኩት።

ከድሮ በዋዜማው አንድ ጣሳ ሙሉ ቡላ ጨምሮበት ነበር። ፈቃደ በከተማው መሃል ነድቶት ተመለሰ። አንዲት ጠብታ ውሃ አላንጠባጠበም።

"ሽታው ከባድ ነው፤ ግን በሳሙና ይለቃል" አለ ፈቃደ እየሳቀ። ከዚያ ወደ ከድሮ ዞረ። "ወንድሜ፣ እኔ ሞተር አላውቅም። የደበቅኸኝ ነገር ከሌለ እንደናንተ ወላሂ በለኝ። ሌላ አልጠይቅም።"

ዙሪያውን የቆምን ሁሉ መልሱን ጠበቅን። የከድሮ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። በዝምታው ሲዋሽ ነበር የከረመው። ወላሂ ብሎ ግን ዋሽቶ አያውቅም።

"በል እንጂ! ምላስህም እንደ መኪናህ በግፊ ነው የሚነሳው?" አለ ተረፈ።

ከድሮ "ራቁ" አለንና ፎጣውን እጁ ላይ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ቀስ ብሎ ፈታው። ግራጫ ነገር እየተንተከተከ ወጥቶ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ሽታውን እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። የኮመጠጠም ነው፣ ያረረም ነው፣ የሞተም ነው። አጠገቤ የቆመው ሰው ጎንበስ ብሎ አስታወከ።

"ምንድን ነው ይኼ?" አለ ፈቃደ።

"ቡላ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ለአንተም ትናንት ጨምሬበታለሁ።"

ፈቃደ ጫማው ላይ የተረጨውን አየ፤ ቀጥሎ ከድሮንም በዚያው ዓይን አየው። "ምጥ የያዛትን ሴት እንደያዝኩ ዳገት መሃል ልትጥለኝ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበና ከድሮን ሳይጨብጥ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

ያን ቀን ማታ ሀቢቡ የሚባል የከተማችን ነጋዴ ወደ ከድሮ ደጃፍ መጣ። "አንተ ደግሞ ምን ነካህ? አፍህን ብትይዝ አይሻልም ነበር? ለኔ ተወው፤ ሆሳዕና ወስጄ እሸጥልሃለሁ። እዚያ ማንም አያውቅህም።"

"እዚያስ ሰው አይደለም የሚሳፈርበት?" አለና ከድሮ በሩን ዘጋ።

በማግስቱ መኪናውን አስገፍቶ ተረፈ ዘንድ ወሰደው። ተረፈ ቴስታታ የሚሉትን የሞተሩን የላይ ክዳን ሲያነሳ፣ የውሃው መተላለፊያ በሙሉ በበሰበሰ ገንፎ ተጠቅጥቆ አገኘው። ዘሎ ወደ ኋላ ሸሸ።

"ስሙኝ! ሃያ ዓመት በግራሶና በዘይት ውስጥ ኖሬአለሁ፤ እዚህ ውስጥ ግን እጄን አልከትም!"

"አንተ አትከትም" አለ ከድሮ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

ዘጠኝ ቀን በማንኪያና በሽቦ ፋቀው። ዝንቡ ከላዩ አይነሳም። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ አስመለሰው፤ በሁለተኛው አንድ ጊዜ፤ ከዚያ በኋላ ሆዱ ባዶ ነበር። ሳሌሃ ምግቡን ደጅ ታስቀምጥለታለች፤ "ሳትታጠብ እንዳትገባ" ትለዋለች፤ ከታጠበም በኋላ ፊቷን ታዞራለች። በዋርካው በኩል የሚያልፍ ሰው መንገድ ቀይሮ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ያፈሰሱበት ውሃ ጠርቶ ወጣ። ተረፈ ብረቱን በጣቱ እየዳሰሰ ዞረው።

"አልተሰነጠቀም፤ ዕድለኛ ነህ። አሁንማ ንጹሕ ነው፤ እንዲሁ ብትሸጠው የሚወስድልህ አታጣም። ይሸጥ ወይስ ይታደስ?"

"ይታደስ።"

"ትጸየፈው የለም ወይ?"

"እጸየፈዋለሁ" አለ ከድሮ። "ግን ምን እንዳበላሁት የማውቀው እኔ ነኝ። በምን አንደበት ነው ለሌላ ሰው የምሰጠው?"

ተረፈ መፍቻውን አነሳና አብረው ሞተሩን ማውረድ ጀመሩ።