ለእታገኝ የመረጥኩላት ጎማ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ እናቴም ሳትሰማው ነው ያረፈችው። ለንስሐ አባቴ ልናገር ሄጄ ዙሪያ ዙሪያውን ዞርኩ እንጂ መሃሉን አልነካሁትም። ለሰው መስጠት ሲገባኝ የደበቅኩት ዕቃ ነበረ አልኳቸው። እሳቸውም በዚያ በክፉ ቀን ያልደበቀ ማን አለ ልጄ ብለው ስግደት አዘዙኝና መስቀል አሳለሙኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴን አመመኝ፤ ሌላ ምንም አልተሰማኝም። የዕቃ ነገር መስሏቸው እኮ ነው። ዕቃማ ሁሉም ደብቋል።

እንግዲህ ለእናንተ ልናገር፤ ለማታውቁኝ። ግን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። "ጦርነት ነበር እኮ" እንዳትሉኝ። እዚህ መርሳ ውስጥ ሰው የሠራውን ሁሉ ለጦርነቱ አሸክሞ ነው የሚኖር። የጎረቤቱን በር የገነጠለውም፣ አደራ የበላውም፣ በዘመዱ ላይ ያሳበቀውም "ጊዜው ነው" ይልና እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። ጊዜው እጅ አለው እንዴ? የሌላውን አላውቅም፤ የእኔን ግን ጦርነቱ አልሠራውም። ጎማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። ቤቴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ከጦርነቱ በፊት አንድ እብደት ነበረብኝ፤ በሳይክል ድንጋይ ላይ መዝለል። ወንዙ ሲጎድል ድንጋዩ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ሳይክሌን ይዤ እወርድና እግሬን መሬት ሳላስነካ ከአንዱ ድንጋይ ወደ አንዱ እዘላለሁ። ከስልክ ላይ አይቼ ነው የለመድኩት። ሰዉ ለየለት ብሎኝ ነበር። ጋሽ ሞገስ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ደግሞ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥተው ዛፍ ሥር ይቀመጡና ያዩኛል። "ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን አንገቱን ሰብሮ ነው የሚያርፍ" ይላሉ። ስወድቅ ይስቃሉ፤ ተነሥቼ እንደገና ስሞክር ዝም ብለው ያያሉ። እወዳቸው ነበር። ይህን የምላችሁ ጠላቴ እንዳልነበሩ እንድታውቁ ነው።

ሁለት ሳይክል ነበረኝ። ትንሿ ባለ ሃያ ቁጥር ጎማ ናት፤ ትልቋ ባለ ሃያ ስድስት። ትንሿን አሮጌ ገዝቼ ነው ያደስኳት። ትልቋን ግን ራሴ ነኝ የሠራኋት ማለት እችላለሁ፤ አጥንቷን ከአንድ ቦታ፣ ፍሬኗን ከወልድያ፣ ጎማዋን ደጅ ጠንቼ። ስንት ዓመት ለፋሁባት!

የከተማው ወጣት ዝላይ ልማር ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ የጎማ ቁጥር ነበር። መልሴም ያው ነው። ትንሽ ጎማ መዝለል ለሚችል ሰው ነው፤ ቀላል ናት፣ ባዞሯት ትዞራለች። መዝለል የማይችል ሰው ግን ድንጋዩን ተንከባሎ ነው የሚያልፈው፤ ትንሽ ጎማ ደግሞ ሁለት ድንጋይ መሃል ትገባና ቀጥ ትላለች። ሳይክሏ ስትቆም ሰውዬው አይቆምም። ትልቅ ጎማ ግን ክፍተቱን አልፎ ከላይ ይሄዳል። ስለዚህ ድንጋይ ላይ ለሚነዳ ጀማሪ ትልቁ ነው፤ በተለይ ሰውዬው ረጅም ከሆነ። በአፍ ብቻም አልተውም ነበር። ማንንም ቢሆን ወንዝ ዳር አውርጄ ድንጋዩ ላይ አስነድቼ ሳላይ አለቀውም። ያለዚህ ፈተና የለቀቅኩት ሰው አልነበረም። ከእታገኝ በስተቀር።

ከተማዋ ስትያዝ ጋሽ ሞገስ ገጠር እህታቸው ዘንድ ወጡ። የስኳር በሽታ ነበረባቸውና የሚወጉትን መድኃኒት ይዘው ነው የሄዱት። ልጃቸው እታገኝ ቤቱን እንዳይዘርፉት ስትጠብቅ ቀረች። አስተማሪ ናት፤ ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ነበር። እናቷ ቀድመው ሞተዋል፤ ወንድምም እህትም የላት። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ሲበረታ የአባቷ መድኃኒት እያለቀ መሆኑን፣ ሰውነታቸውም እየደከመ መሆኑን የሚናገር መልእክት ከገጠር መጣላት። ፋርማሲ የሚሠራ ደግ ሰው ደብቆ ካቆየው መድኃኒት ሰጣት። ችግሩ ማድረሱ ላይ ነበር። ነዳጅ የለም፤ ባጃጁ ሁሉ ቆሟል። በአስፋልቱ ከሄዱ ታጣቂዎች ይፈትሻሉ፤ ያገኙትን ይወስዳሉ። የቀረው ወንዙን ይዞ የሚወጣው የአህያ መንገድ ነው። አንድ ጊዜ በእግሯ ሄዳበታለች። ቀኑን ሙሉ ነው የፈጀባት፤ እግሯ አብጦ ነው የተመለሰችው። አሁን ግን መድኃኒቱ ቀኑን ሙሉ ሐሩር ላይ እንዳይውል ፈራች፤ የአባቷም ነገር አስጨነቃት። ስለዚህ ወደ እኔ መጣች።

"ወንድምዓለም፣ ሳይክል አስተምረኝ" አለችኝ። ሳይክል ነድታ አታውቅም። ቁመቷ ደግሞ ከእኔ ይበልጣል። ሁለቱም ሳይክሎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አየቻቸውና "የቱ ይሻለኛል? መቼም አንተ ታውቃለህ" አለች።

አውቅ ነበር! በዚህ ምድር ላይ በእርግጠኝነት የማውቀው ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው። ቁመቷን አውቃለሁ፤ መንገዱን አውቃለሁ፤ ድንጋዩን አውቃለሁ።

"ለጀማሪ ትንሿ ናት" አልኳት። "እግርሽ መሬት ይደርሳል፤ ብትወድቂም ከቅርብ ነው።"

አያችሁልኝ? ቃሉ አንድ በአንድ ሲታይ ውሸት የለበትም። ሜዳ ላይ ቢሆን እውነት ነው። እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ደደብ ሆኜ ብሳሳት፣ ሰክሬ ብዘባርቅ ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን በሙያዬ ነው የዋሸሁት። ሰው ሁሉ የሚያምንልኝ አንድ ነገር ነበረ፤ እሱኑ አንሥቼ አታለልኳት።

ለምን? ብዙ ጊዜ ለራሴ የምነግረው ምክንያት ነበረኝ። ትልቋ ለማምለጫ ናት እል ነበር፤ ክፉ ነገር ከመጣ በሐራ ከተማ በኩል ቆርጬ እወጣባታለሁ። ይህን ስል ደህና ሰው እመስላለሁ፤ ነፍሱን ለማትረፍ የፈራ ሰው ማን ይፈርድበታል? ግን ውሸት ነው። የትም ልሄድ አላሰብኩም። አንዲት ልብስ እንኳ አልቋጠርኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጀማሪ እጅ ገብታ እንዳትጫርብኝ ነው። ሳሳሁላት። ለብረት ሳሳሁ። ሰው አባቱን ሊያድን ሲለምነኝ እኔ የማስበው ስለ ቀለሟ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

"አልሰጥሽም" ማለት እችል ነበር አይደል? አልቻልኩም፤ ስስታም መባል አልፈለግኩም። ትልቋንም ላስቀር፣ ደግ ሰውም ልባል ፈለግኩ። ሁለቱንም አገኘሁ።

ላስተምራት ወዴት እንደወሰድኳት ታውቃላችሁ? ወንዝ ዳር አይደለም። ባዶውን የትምህርት ቤት ሜዳ ነው የወሰድኳት። ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ጉልበቷ ከመሪው ጋር እየተጋጨ እንኳ ቶሎ ለመደች፤ እየሳቀች ትዞር ነበር። ያ ሁሉ ወሬ፣ ያ ሁሉ ፍርሃት ባለበት ከተማ ውስጥ ስትስቅ ሰው ዞር ብሎ ያያት ነበር። "ትልቋን ብትሰጠኝ ኖሮ ተሰብሬ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። አሜን አልኩ። አፌን ሞልቼ አሜን አልኩ!

የሄደች ዕለት ጠዋት መድኃኒቱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ፔርሙስ ውስጥ አድርጋ አመጣች። ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጬ ከኋላዋ አሰርኩላት። ጥሩ አድርጌ ነው ያሰርኩት። አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም፤ ድንጋዩ ዘንድ ስትደርሺ ውረጂና ግፊያት አላልኳትም። ይህን ብላት ለምን ትለኛለች፤ ትልቋም እንዲህ ናት ወይ ትለኛለች። ያንን ጥያቄ መስማት ስላልፈለግኩ ተውኩት። በደህና ግቢ ብዬ ሸኘኋት።

ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው መለሷት። መንገዱ ወንዙን በሚያቋርጥበት ቦታ የፊት ጎማዋ ሁለት ድንጋይ መሃል ገብታ ቀጥ ብላለች፤ እታገኝ ከመሪው በላይ ተወርውራለች። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሯል። ላስቲኩ አልተፈታም፤ ፔርሙሱ ውስጥ ያለው የመድኃኒት ብልቃጥ ግን እንክትክት ብሏል። ልጠይቃት ገባሁ። ተኝታ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ መጀመሪያ ያለችኝ "ሳይክልህን አበላሸሁብህ" ነው። አይዞሽ አልኳት። ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ፣ አይዞሽ ያልኩት እኔ!

ሌላ መድኃኒት አልተገኘም። ጋሽ ሞገስ ብዙም አልቆዩ። ገጠር ተቀበሩ፤ እሷ አልጋ ላይ ሆና መርዶዋን ሰማች፤ አፈር ሳታለብሳቸው ቀረች። ለቅሶ ደረስኩ። ከሐዘንተኛ ጋር ተቀምጬ ንፍሮ በላሁ።

አሁን ደግሞ ይቺን ስሙኝ፤ እንቅልፍ የምትነሣኝ ይቺ ናት። እምቢ ብላት ኖሮ በእግሯ ትሄድ ነበር። አንድ ጊዜ ሄዳበታለች፤ ታውቀዋለች። እግሯ ያብጣል፣ ፀሐይ ይመታታል፣ ግን ማታ ላይ ትደርስ ነበር። ስስታም ሆኜ በሬን ብዘጋባት ሰውዬው መድኃኒታቸውን ያገኙ ነበር። የገደላቸው መከልከሌ አይደለም። የሰጠኋት ነገር ነው።

ጦርነቱ ከእኛ ሲርቅ ትልቋን ኋላ ላይ ከደበቅኩባት ጭድ ሥር አወጣኋት። አንድ ጭረት የለባትም። መጀመሪያ ያደረግኩት ምን መሰላችሁ? ጎማዋን ነፋሁ። ያን ቀን ከተማው ሙታኑን ይቆጥር ነበር፤ እኔ ጎማ እነፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ላይ አልወጣሁም። አዝኖ ነው እንዳትሉ፤ ሐዘንማ ለእሷ ነው። ሰው እያየኝ ያንን ሙያ መሥራት አስጠላኝ፣ አለቀ።

የአባቷ ሙት ዓመት ሲደርስ እታገኝ ከዘራ ይዛ እያነከሰች ጠጋኝ ቤቴ መጣች፤ ልትጠራኝ። ጎማ እያስተካከልኩ ነበር። ቁጭ አለች። ከዚያ "እስቲ እውነቱን ንገረኝ" አለች፤ "ትልቋን ይዤ ቢሆን ኖሮ አልፍ ነበር?"

ይኸውላችሁ፣ እግዜር አንድ ጊዜ በሩን ከፈተልኝ። ከእኔ የሚጠበቅ አንድ ቃል ነበረች። እኔም ከጎማው ቀና ሳልል "ያው ነበር፤ ምንም ለውጥ የለው" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። "እንግዲያው የእኔው አለመቻል ነው" አለች። "አባቴን የበላሁት እኔ ነኝ።" ተነሥታ ሄደች። እኔም ጎማዬን ጨረስኩ።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን የተሸከምኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷ ናት ተሸክማው የምትዞረው! በሁለተኛው ውሸት ያሸከምኳትም እኔው ነኝ። አሁን በሰፈር ሳገኛት "ደህና ነህ ወንድምዓለም" ትለኛለች። ለልጁ ሳይክል የሚገዛ ሰው ሲገጥማት ለጀማሪ ትንሽ ጎማ ነው፣ እሱ መክሮኛል፣ እኔ ነኝ ያላወቅኩበት ትላለች አሉ። ከተማው ሁሉ ውሸቴን ተምሮታል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እናንተ ምኔ ናችሁ? አባታችሁን አልቀበርኩ። ንስሐ ገባ፣ ተፀፀተ፣ እንባው ወረደ የሚባል ነገርም አልፈልግም፤ እንባዬ ለማንም እግር አይቀጥልም። የሚፈርድብኝም ካለ ባልሠራሁት አይፍረድብኝ። ፈሪ አትበሉኝ፤ አልፈራሁም። አላወቀም አትበሉኝ፤ አውቄያለሁ። ጊዜው ክፉ ነበር የሚለኝን ሰው ደግሞ ከቤቴ አስወጣዋለሁ። ነገ ይህ ሲሰማ እኔ ዘንድ ጎማ የሚያስጠግን ሰው ላይኖር ይችላል፤ አይኑር።

እታገኝ፣ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ሳይክል መንዳት ችለሻል፤ አለመቻልሽ አይደለም። ትልቋን ሰጥቼሽ ቢሆን ትደርሺ ነበር። እምቢ ብዬሽ ቢሆንም ትደርሺ ነበር። አባትሽን የበላኋቸው እኔ ነኝ።