የሾርኔና የአሽሙር አስታራቂ

አክስቴ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሜካፕ ሠሪ ናት። ሥራዋን የጀመረችው ዜና አንባቢዎችን እየቀባች ነበር፤ ዜና አንባቢ ደግሞ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

መከራዋ የመጣው ሁለት ወንዶች ቀሚስ ለብሰው በሳምንቱ የቀልድ ዝግጅት ላይ ብቅ ያሉ ዕለት ነው። ረጅሙ እትዬ ሾርኔን፣ ድብልብሉ እትዬ አሽሙርን ሆነው ይጫወታሉ፤ በአንድ የውሃ ቧንቧ የሚነታረኩ ጎረቤታሞች። ለአንድ ጊዜ ብቻ ተብላ የተጻፈች አጭር ጭውውት ነበረች። ሰዉ ግን አበደላቸው። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ሁሉም አፉን አጣሞ እንደ እትዬ አሽሙር ያወራ ጀመር።

ቀጥሎ ዘፈን መጣ። ድምፅ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ረጅሙ ሲዘፍን ዘይት ያልነካው በር ይመስላል። ቢሆንም ስድባቸውን በዜማ እየተቀባበሉ ለቀቁትና በየሠርጉ ተጠሩ። አክስቴም ሣጥኗን ተሸክማ አብራ ዞረች። ጢም ትላጫለች፣ ቅንድብ ትሸፍናለች፣ ላብ ያጠበውን መልሳ ትቀባለች።

"እኔ ለራሴ ሠርግ እንኳ ይህን ያህል አልተኳኳልኩም!" እያለች ትነጫነጫለች።

ከዚያ ደግሞ ፊልም! ቀረጻው ሳይጋመስ ሁለቱ ተኳረፉ። ምክንያቱ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የማን ፊት ከፊት ይሁን የሚል ነው። ያውም የራሳቸው ፊት ቢሆን ጥሩ፤ አክስቴ የሠራችው ፊት! በአንድ መስታወት ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠው አይነጋገሩም።

"ለዚያ ሰውዬ ክርኑን እንዲሰበስብ ንገሪልኝ" ይላል ረጅሙ።

"መጀመሪያ እሱ እግሩን ይሰብስብ በይው" ይላል ድብልብሉ።

"ስልክ መሰልኳችሁ እንዴ?" ትላለች አክስቴ።

የሚያበሳጨው፣ ካሜራው ሲበራ እንደ እህትማማች ይሳሳቃሉ። ቀሚሱ ሲወልቅ ኩርፊያው ይመለሳል። አንድ ቀን ጭራሽ ረጅሙ አልቀባም ብሎ እንቢ አለ። ዳይሬክተሩ ለመነው፣ ደነፋበት፤ ወይ ፍንክች። አክስቴ ብሩሿን ወረወረችው።

"ስሙ! ሱሪ ስትለብሱ ጠላት፣ ቀሚስ ስትለብሱ ወዳጅ! በሉ ቀሚሱን ልበሱና ተነጋገሩ!"

እሷን ይፈሯታል፤ ለበሱ። ቀብታቸው ወጣችና በሩን ዘግታ ጆሮዋን ለጠፈች።

"እትዬ አሽሙር፣ ፊትዎ ሰሌዳውን ሞልቶት ለእኔ ቦታ ጠፋ አሉ" አለ ረጅሙ በሴት ድምፅ።

"ቦታስ አለ፣ ግን የእርስዎን አንገት ለማስገባት ሌላ ሰሌዳ ይቀጠል እንዴ?"

ከዚያ ድብልብሉ የሴት ድምፁን ትቶ በገዛ ድምፁ፣ "እናቴ ዓይኗ ደክሟል። ከኋላ ከሆንኩ አታየኝም" አለ።

"አንተ ሞኝ! ይህን ቀድመህ አትናገርም?"

ተቃቅፈው ተላቀሱ። አክስቴ በሩን ስትከፍት ኩሉ ከቀይ ቀለሙ ጋር ተደባልቆ አገጫቸው ደርሷል። እንደገና ከዜሮ ጀመረች፤ ያን ቀን የተራገመችውን እኔ አልደግመውም።

ሰሌዳው ላይ ድብልብሉ ከፊት ሆነ። ፊልሙ ሲወጣ የአክስቴ ባል ከጎኗ ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ሳቀ፤ እሷ ግን "ያንን ቅንድብ አየኸው? አትንካው እያልኩት ዳበሰው!" እያለች በክርኗ ትጎሽመው ነበር። ሁለተኛ ፊልም ሊሠራ ነው ሲሏት ጡረታ እወጣለሁ ብላ ማለች።

ትናንት ጠዋት ሣጥኗን ይዛ ስትወጣ አገኘኋት።

"ምነው አክስቴ፣ ተውኩት አላልሽም?"

"ዝም በል! የዚያን ድብልብል ፊት ሌላ ሰው ከነካው ይቆስላል" ብላኝ በሩን ድርግም አድርጋ ሄደች።