የእትዬ ሊየን መጽሔት

ዜናውን የሰማሁት ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ስካይቪው ራንች በሚባለው ሰፈር፣ ቤታችን ደጅ መኪናውን ፓርክ ሳደርግ ነው። ልጄ ሶስና ስልኳን እያየች፣ «ማሚ፣ የኤዥያ ተማሪዎቹ መጽሔት ሊዘጋ ነው» አለችኝ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ገጹን ዲዛይን የምታደርግላቸው እሷ ናት። «በመጨረሻው እትም ሂስትሪውን እየጻፍን ነው። ግን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው እትም ላይብረሪ ውስጥም ጠፍቷል።»

ጭኗ ላይ የያዘችው አዲስ የታተመ ወረቀት የቀለም ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። ሽታው ጎትቶ ያደግሁበት ሰፈር ፓይንሪጅ፣ እማዬ ወጥ ቤት አደረሰኝ።

«እኔ አውቃታለሁ» አልኳት።

ሊየን ቬትናማዊት ናት፤ በተያያዙት ታውንሃውሶች ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታችን ነበረች። እኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ እሷ ዩኒቨርሲቲ ነበረች። «ታላቅ በባዶ ስሙ አይጠራም» ብላ እትዬ ያስባለችኝ እማዬ ናት። ፀጉሯን ጠቅልላ እርሳስ ትሰካበታለች። ስንኝ ሲመጣላት እርሳሱን ትመዘውና ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ይወርዳል።

አባቷ ፋርማሲ እንድትማር እንጂ ግጥም እንድትጽፍ አልፈለጉም። ስለዚህ የመጽሔቱ የመጀመሪያ እትም የተሰናዳው እኛ ቤት ነው። ገጾቹን በምግብ ጠረጴዛችን ዙሪያ ትደረድራለች። እኛ የሰፈሩ ልጆች፣ ሐበሻውም ቻይናውም፣ እየዞርን ከየክምሩ አንድ አንድ ወረቀት እናነሳለን። «ዑደት አደረጋችሁት እኮ» ትለናለች እማዬ። እትዬ ሊየን ጥራዙን ትቀበለንና በአራቱም ጎን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ፣ ጠርዙን አስተካክላ፣ በስቴፕለር ትይዘዋለች።

አንድ ረቡዕ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ሠርታ አመጣች። እማዬ ክዳኑን ከፍታ በጥርጣሬ አየችው።

«እንቁላል የለበትም?»

«የለበትም እማማ። ዛሬ እኛም ጾም» አለች። በእነሱ ቀን አቆጣጠር ሥጋ የማይበሉበት ቀን ኖሯል። ቃሉን የለቀመችው ከእማዬ ነው።

መጽሔቱ ሲያልቅ የጻፉት ሁሉ ስማቸው አለ፤ የእሷ የለም።

«ያንቺስ?» አለቻት እማዬ።

«አባዬ ያየዋል። ሌላ ጊዜ፣ እማማ።»

ሌላ ጊዜ አልመጣም። ተመርቃ ቫንኩቨር ሄደች፤ እዚያው አረፈች። እማዬም አልፋለች። እትዬ ሊየን የሰጠችን ቅጂ ቤት ስንቀይር ጠፋ።

ይህን ሁሉ ሶስና መጽሔቱን ለሚያዘጋጁት ልጆች ነገረችልኝ። «ማሚ፣ ሶሪ፤ በአንድ ሰው ቃል ብቻ ስም አናስገባም አሉ» ብላ ተመለሰች። አልተቀየምኳቸውም። አንድ ምስክር እንደማይበቃ እኔም ቤተ ክርስቲያን ተምሬዋለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ልቤ አላርፍ ብሏል። ጸሎት ስጀምር ሐሳቤ ያን ጠረጴዛ ይዞራል። ከሺፍት እንደገባሁ፣ ኮቴን ሳላወልቅ፣ ጋራዥ ወርጄ ትናንት የፈተሽኩትን ካርቶን እንደገና እፈትሻለሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወረቀት ስይዝ እጄ ሳላዘው በአራቱም ጎን መታ መታ ያደርገዋል። ከእሷ የቀረልኝ ይሄ ነው፤ ለልጆቹ ግን ማስረጃ አይሆናቸውም።

እናንተ ፓይንሪጅ ያደጋችሁ፣ ያን ጠረጴዛ አብራችሁኝ የዞራችሁ፣ ቅጂ ፈልጉልኝ አልላችሁም። ፀጉሯ ላይ እርሳስ የምትሰካዋን ልጅ ካስታወሳችኋት፣ እትሙ ማተሚያ ቤት ሳይገባ አንድ ቃል በሉ። ሁለተኛ ምስክር ሁኑላት።