በጣት የማይጠቆም ቅል

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ነቀምቴ ገበያው አጠገብ በነበረችው ሱቄ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ለጸሐፊውም፣ ለመምህሩም፣ ለነጋዴውም ካኪ ኮትና ሱሪ ስሰፋ ኖሬአለሁ። በጃንሆይ ዘመን በከተማችን ደህና ልብስ የለበሰ ሰው ካያችሁ፣ ወይ አዲስ አበባ ሄዶ አሰፍቷል፣ ወይ በእኔ መቀስ ሥር አልፏል። ይሁንና የተነሳሁት ስለ ኮት ላወራ አይደለም። ኮት ለብሰውት ያልቃል። እኔ የምኮራው ጓሮዬ ውስጥ በሠራሁት ቅል ነው።

አዎ፣ ቅል። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ ለምጄዋለሁ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት መንገደኛው ሁሉ “አካም ቡልተኒ፣ አባ ቡቄ” እያለ ነበር የሚያልፈው። ሰላምታው እንደምን አደሩ ነው፤ ቡቄ ደግሞ በኦሮምኛ ቅል ነው። ስሙን ያወጣችልኝም ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ የገዛ ባለቤቴ ናት። እርሷ የዚያው አገር ልጅ ናት፤ እኔ አባቴ ከሸዋ የመጣ። ቅል ተክሎ ለወተትና ለቅቤ ማድረግ የእርሷ ወገኖች የቆየ ልማድ ነው። ወንድ ልጅ፣ ያውም ልብስ ሰፊ፣ ከቅል ጋር ሲታገል መዋሉ ግን በሰፈራችን አልታየም ነበር።

ጓሯችን ሰፊ አልነበረም። ጎመን፣ ጥቂት የቡና ተክል፣ ባለቤቴ የምትሳሳለት አንጮቴ የሚባል ሥራ ሥር፣ ከዚያ አጥር። አጥሩ የእኔ ነበር። ክረምቱ ሲገባ የቅሉ ሐረግ አጥሩን ይወጣና ያለብሰዋል። ፍሬው አውራ ጣት አክሎ፣ ገና ለስላሳ ጸጉር እንደለበሰ፣ ከስፌት የተረፈኝን ጥብጣብ ወስጄ ስርጉድ እንዲል ወገቡ ላይ አስርለታለሁ። ክር አይሆንም፣ ይቆርጠዋል። ጥብጣቡ ከላላ ቅሉ እንዳሻው ይነፋል፤ ከጠበቀም ታንቆ ይቀራል። ስለዚህ በየጊዜው እየፈታሁ አላላለታለሁ። አንገቱ እንዲረዝም የምፈልገውን ደግሞ ከታች ድንጋይ አንጠለጥልበታለሁ። ደንበኛ ልኩን ሰጥቶ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ቢወፍርም የራሱ ጉዳይ ነው። ቅል ግን አድሮ ሌላ ልክ ነው፣ ዓይን አይነቀልበትም።

ከሥራ ስመለስ ኮቴን ሳላወልቅ ወደ ጓሮ ነበር የምሄደው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጩ የቅል አበባ ይፈካል፤ እኔም ዱካዬን አጥሩ ሥር አስጠግቼ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ቀን ሙሉ የሰው እጅጌ ሲጠብና ሲሰፋ የሰማሁት ወቀሳ ሁሉ እዚያ ይጠፋልኛል። ራት ቀረበ ተብዬ ስጠራ ጆሮ ዳባ ልበስ እላለሁ። ባለቤቴም በመጨረሻ እዚያው ታመጣልኛለች፣ እያጉረመረመች።

በዚያ ጓሮ አንድ ሕግ ነበረኝ። ለጋ ቅል በጣት አይጠቆምም። በጣት የጠቆሙት ይረግፋል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን መርምሬ አላውቅም፤ በእኔ ቅል ላይ ግን ማንም አይሞክራትም። ማሳየት የፈለገ እጁን ጨብጦ በጡጫው ያሳይ። አንድ ጊዜ የግዛቱ ጽሕፈት ቤት ሹም ኮት ሊለካ ቤት ድረስ መጥቶ ጓሮዬን ሲያይ ጣቱን ቢዘረጋ፣ እጁን ለቀም አድርጌ ጣቱን አጥፌበታለሁ። ባለቤቴ በድንጋጤ ክው አለች። ሰውየው ግን ደህና ሰው ነበር፣ ስቆ በጡጫው አሳየኝ።

ሕጌን የናቀች አንዲት ሰው ብትኖር ሴት ልጄ ናት። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ጣት ቅል አይገድልም እያለች ትከራከረኝ ነበር። ልታናድደኝ ስትፈልግ አሥሩንም ጣቶቿን ወደ አጥሩ ዘርግታ ትቆምና፣ ስነሳ ሮጣ ታመልጣለች። ወንዶቹ ልጆቼ ግን ቅሉን ዘወር ብለው አያዩትም። ለመሳቅም ቢሆን ከአጥሩ ሥር የማትጠፋው እርሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ደረሰችና ታጨች፤ ልጁ የጉቴ ሰው፣ አስተማሪ። በእናቷ ወገኖች ዘንድ ሙሽራ ያጌጠ ቅል ይዛ መሄዷ ወግ ነው። እኔም ለዚያ ቀን ያሰብኩት ነበረኝ። እንደዚያ ያለ ቅል ከዚያ በፊት አልወጣልኝም፤ ወገቡ ስርጉድ ያለ፣ አንገቱ መለል ያለ። አደረቅሁት፣ ከፍቼ ጠረግሁት፣ በወይራ አጠንኩት፣ ቅቤ ቀብቼ ቀይ አደረግሁት። በሠርግ ቀሚሷ አንገት ላይ የጠለፍኩትን ጥልፍ፣ ያንኑ፣ በጋለ ወስፌ በቅሉ አንገት ዙሪያ አወረድኩት። ቀሚሱም ቅሉም የአንድ እጅ ሥራ መሆኑን ሰው እንዲያይልኝ ፈልጌ ነበር። ከውስጡ የወጣውን ዘር በጨርቅ ቋጠርኩት።

አሳየኋት። ከዐረብ ሱቅ ባለ አበባ የሸክላ ሳህንና ፔርሙዝ ተገዝቶላት በሳጥን ተደርድሯል። ዓይኗን ከቅሉ ወደ ሳጥኑ መለሰችና፣

“አባባ፣ ሰው ይስቅብኛል” አለችኝ።

ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝና በአገሯ ቋንቋ “ዲሲ” አለች፤ ተዋት ማለቷ ነው። ተውኳት። ቅሉን ከነጌጡ ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀልኩት። በሠርጉ ቀን ሰው ሁሉ ቀሚሱን አድንቆ እጄን ሲጨብጠኝ፣ እኔ ምስማሩን ነበር የማየው። ምን እደብቃለሁ፣ ልቤ ተሰብሮ ነበር። ያሳዘነኝ የቅሉ መቅረት ብቻ አይደለም። እርሷም ከሄደች ከእኔ በኋላ በዚያ አጥር ላይ ጥብጣብ የሚያስር እጅ የለም፣ ነገሩ ከእኔ ጋር ያበቃለታል ብዬ ነው።

ለምላሽ መጥተው ሲመለሱ፣ ልጄ ወደ ኋላ ቀረት ብላ የዚያን ቅል ዘር ይስጡኝ አለችኝ። አማቷ ለቅቤ ማስቀመጫ ፈልገው ይሆናል ብዬ ቋጠሮውን እንዳለ ሰጠኋት። እንዴት እንደሚታሰር አልነገርኳትም፤ እርሷም አልጠየቀችኝ። እኔ አኩርፌአለሁ፣ እርሷ ቸኩላለች።

ክረምቱ አለፈና ለመስቀል ሰሞን ልጠይቃት ጉቴ ሄድኩ። ከጭነት መኪናው ወርጄ ቤታቸውን ሳፈላልግ፣ ከአንድ አጥር ላይ ነጭ ነገር እዚህም እዚያም ብልጭ አለብኝ። ተጠጋሁ። ጥብጣብ ነው። ጨርቁን ባላውቀው ልብስ ሰፊ አይደለሁም፤ የሠርግ ቀሚሷ ቁራጭ ነው፣ ከስፌት መኪናዬ ሥር ለቅማ የወሰደችው። በእያንዳንዱ ለጋ ቅል ወገብ ላይ ታስሯል።

ቋጠሮውን ቀረብ ብዬ ሳይ የእኔ አይደለም። እኔ እየፈታሁ ነው የማላላው። እርሷ ግን ጥብጣቡን አቆላልፋ፣ ቅሉ ሲወፍር በራሱ እየተሳበ እንዲላላ አድርጋዋለች። አንድም የታነቀ የለም። በእኔ አጥር በየክረምቱ ታንቆ የቀረውን ሁሉ አሰብኩና፣ እንዴት ይህ ሳይታየኝ ቀረ አልኩ። ከእኔ በለጠች። ይህን ስላችሁ ቅንጣት ቅናት የለብኝም፤ ደረቴ በኩራት ከኮቴ ሊያልፍ ነበር።

ልጄና ባሏ ድምፄን ሰምተው ወጡ። ሰላምታውንም ረሳሁት። ከሁሉ ያማረችው ከላይ ተንጠልጥላለች፣ ወገቧ ስርጉድ ብሎ። “ያቺን ተመልከት” ብዬ ለአማቼ ጣቴን ቀሰርኩ።

ልጄ ዘላ እጄን ያዘችኝ። ጣቴን አጠፈችና እጄን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

“አባባ፣ በጣትዎ አይጠቁሙ፤ ይረግፍብኛል” አለችኝ፣ ከምሯ።

እንባዬ መጣ። ሳልጠርገው፣ ጡጫዬን እንደጨበጥኩ፣ ለአማቼ የልጄን ቅሎች አንድ በአንድ አሳየሁት።